ፋብሪካውና እናት ዛፉ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሆነው መድፍ በ1859 ዓ.ም. አካባቢ ከጋፋት ማቅለጫ ወጥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ስለ እሳቱ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ነሐስ ለማቅለጥ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የዚያ ዘመን ማቅለጫ ደግሞ የሚነደው በእንጨትና በከሰል ነበር። በዚህ አገር ፋብሪካ የሚባል ነገር ገና ሲወለድ ጀምሮ የደን ባለዕዳ ነው።

ዕዳው ዛሬም አልተከፈለም። በየክረምቱ ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰልፈው ችግኝ ሊተክሉ ይወጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ይህ ልማድ እየሰፋ ሄዷል። ፍላጎቱ መልካም ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ከልቡ ሊቆም ቢፈልግ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን በቅድሚያ የት ያውል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሴም እነሆ፦ ፋብሪካው አስቀድሞ ዘሩን እስከ ዛሬ ያቆየውን ደን ይጠብቅ፤ ቀጥሎ ከተከላው ቀን በኋላ ያሉትን ዓመታት ወጪ ይሸፍን። ተከላው ራሱ ከሁለቱ መካከል የሚገባ አንድ ሥራ ነው።

ጉና በየክረምቱ ወደ ፋብሪካው ይመጣል

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የጉና ተራራ የውሃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው፣ የፋርጣን ተዳፋት አቋርጠው፣ የፎገራን ሜዳ አርሰው ጣና ይገባሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው ከ2,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። እንዲህ ባለ አቀበት ላይ የተገፈፈ ቁልቁለት ዝናብ አይዝም። ጠብታው ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን ቅንጣት ይበታትነዋል፤ የተበተነው ቅንጣት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ውሃው መስረጉን ትቶ ይሮጣል። ሲሮጥ አፈር ይዞ ይሄዳል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ከዓመት ዓመት ቦዩ ገደል ይሆናል።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን ይጥላል። የርብ ወለል በደለል ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዙ ከአፉ ይፈሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም አርሶ አደሮች ቤትና ማሳቸው በጎርፍ ሲወሰድ ያዩት ይህን ነው።

ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ወረታ ከተማ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያዎች ተደርድረው ይሠራሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ሩዝ በየክልሉ ገበያ ይደርሳል። ሩዙ የሚበቅለው ርብና ጉማራ በሚያመጡት ውሃና አፈር ነው። ልኩን የጠበቀ ጎርፍ ማሳውን ያለመልማል፤ ልኩን ያለፈ ጎርፍ ይቀብረዋል። የወረታ መፈልፈያ ባለቤት ጉና ላይ ቁራሽ መሬት የለውም። ጉና ግን በየክረምቱ ወደ እሱ ግቢ ይመጣል፤ አንዳንዴ በረከት ሆኖ፣ አንዳንዴ ደለል ሆኖ። ስለዚህ አንድ የወረታ ፋብሪካ በጉና ወገብ ላይ ለሚቆም ዛፍ ቢከፍል ለጥሬ ዕቃው ምንጭ ከፈለ እንጂ ምጽዋት አልሰጠም። ሒሳቡን በዚህ ዓይን ያየ ሥራ አስኪያጅ ወጪውን ከማስታወቂያ በጀት አያወጣውም፤ እንደ ማሽን ጥገና በየዓመቱ ይመድብለታል።

ዘሩ የቀረበት ቦታ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በማንኛውም አቅጣጫ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑን ቢያነሣ፣ በእርሻው መካከል እዚህም እዚያም ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ያያል። እያንዳንዱ ክብ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለው። በአገሪቱ ካሉት ከ30 ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በዐጸዳቸው ውስጥ ደን ጠብቀዋል፤ ደቡብ ጎንደር ደግሞ በዚህ ሀብት ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህን ሀብት በሳይንስ ዓይን በጥልቀት ካጠኑት ቀዳሚው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መረመሩ። ትንሹ ደን 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ያህል ነው። ከ1,800 ሜትር አካባቢ እስከ 3,100 ሜትር ባለው ከፍታ በተበተኑት በእነዚህ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዘገበ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው በአካባቢው ገበሬ ማሳ ላይ ሲመናመን እዚያ ቆይቷል። ከዛፉ ጋር ወፉ፣ ንቡ፣ ጉሬዛው፣ በቅጠሉ ሥር ያለው ነፍሳት ሁሉ ቆይቷል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ለፋብሪካ ሰው ወሳኙ ግን ሌላ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ከፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ጋር ሆነው በእነዚህ ደኖች አፈር ውስጥ ምን ያህል ዘር ተቀብሮ እንዳለ ፈተሹ። ያገኙት አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። ዋና ዋናዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘራቸውን በአፈር ውስጥ ለዓመታት አያኖሩም፤ የወደቀው ዘር ወይ በቅርቡ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደኑ አንዴ ከተመነጠረ አፈሩ መልሶ አያበቅለውም። ዘሩ ያለው በቆመው ዛፍ ላይ ብቻ ነው። የደን ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ዛፍ እናት ዛፍ ይሉታል። በአንድ ደብር ዐጸድ ውስጥ ያለ የመጨረሻው ጥቁር እንጨት ሲወድቅ፣ በዚያ ቀበሌ ለሚመጡት ዘመናት ሊተከል ይችል የነበረው የጥቁር እንጨት ችግኝ ሁሉ አብሮት ይወድቃል። የፋብሪካ በጀት በቅድሚያ ወደ ቆመው ዛፍ ይሂድ የምለው ለዚህ ነው።

ግንቡና ከብቱ

ደኑን ለዘመናት ያቆየው እምነት ነው። ቦታው የተቀደሰ በመሆኑ ሰው መጥረቢያ ይዞ አይገባም። ከብት ግን ይህን አያውቅም። በሬውና ፍየሉ ጥላና ለምለም ፍለጋ ይገባሉ፤ ገና በሁለት ቅጠል ብቅ ያለውን ቡቃያ ይግጣሉ፣ የቀረውን ይረግጣሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሲታዩ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። የዶክተር ዓለማየሁና የባልደረቦቻቸው ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ከብት በታጠረበት ክፍል የዘሩ መብቀልም የቡቃያው መትረፍም ተሻሽሏል።

ከዚህ የተነሣ ዶክተር ዓለማየሁ፣ አሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎማንና ትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅቷ ከካህናቱ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ ማሠራት ጀመሩ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ይለቅማል፤ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ መግቢያው በር ይበጅለታል። ገበሬው ማሳው ስለሚጠራለት ይጠቀማል፤ ደኑ ከከብት ይድናል። ግንቡ ከዛፎቹ ጠርዝ ራቅ ብሎ ከተሠራ ደግሞ በመካከሉ ባዶ መሬት ይተርፋል፤ ወፍና ነፋስ የሚያመጡት ዘር እዚያ ይበቅልና ደኑ ሰው ሳይተክለው ይሰፋል።

አንድ ፋብሪካ የዚህ ሥራ ደጋፊ ልሁን ቢል ምን ይገጥመዋል? እንበልና የፋብሪካው ተወካይ ወደ ሰበካ ጉባኤው ቀርቦ፣ «አባታችን፣ ይባርኩኝ። ለደብሩ ደን ግንብ ልናሠራ ብለን ነው የመጣነው» ይላል። የደብሩ አስተዳዳሪ ባርከው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አሳባችሁስ ደግ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። ከብቱን ግን ወዴት እንበለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው የነገሩ ሥር ነው። የግጦሽ መሬት በጠበበበት ቀበሌ ደኑን ማጠር ማለት የአንዱን ጎረቤት ላም ከጥላና ከሣር መለየት ነው። መልስ ሳይያዝለት የተሠራ ግንብ በሁለተኛው ክረምት ይፈርሳል። መልሱ አለ፦ ከታጠረው ባዶ ቦታ ሣሩ እየታጨደ በየተራ ለጎረቤት ይሰጥ፤ በየጓሮው የመኖ ዛፍና ሣር ይተከል፤ ለጥበቃው ከዚያው መንደር ሰው ይቀጠር። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ መጠኑ ግን አንድ ፋብሪካ የማይችለው አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ብዙ አጥቢያዎች ለንዋያተ ቅድሳትና ለጣሪያ እድሳት ገቢ ሲያጡ በዐጸዱ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። በዚያ ምትክ የንብ ቀፎ ወይም የችግኝ ሽያጭ ገቢ እንዲያገኙ የረዳ ፋብሪካ፣ ደኑን ካጠረው ባልተናነሰ ጠብቆታል።

ችግኝ የሚወሰነው በመስከረም ነው

ተከላው ሐምሌ ላይ ስለሚታይ ሥራው ሐምሌ ላይ የሚጀመር ይመስላል። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ግን የሐምሌው ዛፍ የተወሰነው በመስከረም መሆኑን ያውቃል። ፋብሪካው ምን ዓይነት ዛፍ፣ ስንት፣ ለየትኛው ቦታ እንደሚፈልግ በጊዜ ካልተናገረ፣ በግንቦት ሲመጣ የሚያገኘው በፍጥነት የሚያድገውንና በየጣቢያው የሞላውን ነው፤ እሱም ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ነው።

አገር በቀል ዛፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ እንደየዓይነቱ ጊዜው ሲደርስ ከእናት ዛፉ ይለቀማል፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ ከተለቀመ የሚተከሉት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይሆኑና ለበሽታ ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ ከብዙ ዛፎች፣ ቢቻል ከብዙ ደብሮች መሰብሰብ አለበት። የወይራ ፍሬ በጠንካራ ቅርፊት የተዘጋ ነው፤ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ለመብቀል ይዘገያል። የጥቁር እንጨት ዘር ተቃራኒው ነው፤ ከደረቀ ይሞታል፤ እንደተለቀመ ሥጋው ታጥቦ ቶሎ መዘራት አለበት። ከታኅሣሥ ጀምሮ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ተደባልቆ በፕላስቲክ ቱቦ ይሞላል፤ ቡቃያው በጥላ ሥር ይያዛል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ጥላው ይነሣለትና ውሃው ይቀነስለታል፤ ፀሐይና ጥም እንዲለምድ ነው። የመትከያ ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ አፈሩ ይናፈሳል። በተከላው ቀን ደግሞ ችግኝ የሚገድል አንድ ስሕተት አለ፦ ፕላስቲኩን ሳይቀዱ መትከል። ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይታነቃል፤ ችግኙም የመጀመሪያውን በጋ አይሻገርም። ከፋብሪካ የመጣ ብዙ ሰው ከመትከሉ በፊት ይህን ሊማር ይገባል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በዓመቱ መጀመሪያ የሚፈረም የችግኝ ግዥ ውል ነው። በፋርጣ ወይም በእስቴ ያሉ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት ገዢ እንዳላቸው በመስከረም ካወቁ ኮሶና ዝግባ ያፈላሉ። ገዢ ከሌለ ማንም ቀስ ብሎ በሚያድግ ችግኝ ላይ ገንዘቡን አያስርም።

የቱ ዛፍ የት

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የደጋውን ሰው ቤት ሠርቷል፣ ምድጃውን አሙቋል፣ ለልጆቹ ትምህርት ከፍሏል። የደቡብ ጎንደር ገበሬ የሚተክለው አስቦ ነው፤ ሊወቀስም አይገባውም። እንዲያውም የማገዶና የአጠና ፍላጎትን በመሸፈኑ ለተፈጥሮ ደኑ ፋታ ሰጥቶታል። ሆኖም ባሕር ዛፍ ማሳ እንጂ ደን አይደለም። ፋብሪካ ለብዝኃ ሕይወት ተከልኩ ካለ ባሕር ዛፍን እዚያ ሒሳብ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም።

አንድን ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ሌላ ዞን አስተምሯል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት በሰፊው ተክለው ኑሯቸውን አሻሻሉ። በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ ገባና ማሳውን አዳረሰው። ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት በመሆኑ በሽታውን የሚያቆመው ነገር አልነበረም።

ደግሞም ዛፍ የማይተከልበት ቦታ አለ። ከጉና አናት አካባቢ የተፈጥሮ ልብሱ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ነው። ጓሳው ዝናቡንና ጉሙን እየያዘ ቀስ አድርጎ ወደ ምንጮቹ ይለቃል። እዚያ ላይ የደጋ ዛፍ ልትከል ብሎ ጓሳውን መቆፈር ተራራውን መጉዳት ነው። ለዚያ ቦታ የሚያስፈልገው የገብስና የድንች እርሻ ወደ ላይ እንዳይገፋ፣ ግጦሹም በተራ እንዲሆን ማድረግ ነው። ፋብሪካው ገንዘቡን ለዚህ ቢሰጥ የሚቆጠር ችግኝ አይኖረውም፤ ርብና ጉማራ በበጋ ሲፈሱ ግን ያየዋል።

ከሞምባሳ የመጣ ትምህርት

ፋብሪካ ከልቡ ከያዘው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኬንያ ሞምባሳ የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ቆፍሮ የተዋቸው ጉድጓዶች አፈር የሌላቸው፣ ጨዋማ ውሃ ያቋጠሩ ራቁት ድንጋዮች ነበሩ። ሬኔ ሃለር የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ የፋብሪካው ሠራተኛ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታውን ማልማት ጀመሩ። 26 ዓይነት ዛፍ ሞክረው የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ካሹሪና የተባለው ለመለመ፤ ይሁንና የረገፈው ቅጠሉ አልበሰብስ ብሎ አፈር ሳይሆን ቀረ። ሃለር ቅጠሉን የሚበላ ሺህ እግር የተባለውን ትል አመጡ፤ ትሉ ቅጠሉን ወደ አፈር ለወጠው፤ በአፈሩ ላይ ሌሎች ዛፎች ተተከሉ፤ ወፉና የዱር እንስሳው ተከተለ። ቦታው ዛሬ የሃለር ፓርክ ተብሎ ይጎበኛል።

ከዚህ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ፋብሪካው ሥራውን ለአንድ ባለሙያ ሰጥቶ ለአሥርተ ዓመታት አልተወውም፤ ከ26ቱ 23ቱ ሲጠፉም ወጪው ከንቱ ሆነ ብሎ አላቋረጠም። ደቡብ ጎንደር ከባምቡሪ የሚሻልበት ዕድል አለው፤ አፈሩም እናት ዛፉም ገና አለ። ለዚህ የእኛው አገር ምሳሌ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ነው። በዚያ 2,728 ሄክታር ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ፣ በአብዛኛው ከቀሩት ጉቶዎች የወጣው ቡቃያ እየተገረዘ ዳግም ደን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻም በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ተመዘገበ።

ከራስ በር መጀመር

ውጭ የሚተክል ፋብሪካ በግቢው የሚያነደውን ካላየ አንዱን እጅ በሌላው ያፈርሳል። በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ያለው ድርጅት እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። የወረታ መፈልፈያዎች ለዚህ መልስ በእጃቸው አለ፤ ከሩዙ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለባ ነው። ገለባው ተጨምቆ ማገዶ ቢሆን ለዳቦ ቤቱና ለቦይለሩ እንጨት ይተካል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጡ ቆይተዋል፤ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የለቀቀ ፋብሪካ በተራራው ላይ የሚተክለው ዛፍ ጥፋቱን አያካክስለትም።

ውሉ ምን ይያዝ?

እንግዲህ ፋብሪካው ወስኗል እንበል። ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከቀበሌው፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተቀምጦ የሚፈርመው ውል ቢያንስ አምስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ የትኛው የቆመ ደን እንደሚጠበቅና ለጥበቃው በየዓመቱ ምን እንደሚከፈል። ሁለተኛ፣ የሚተከሉት ዛፎች ስምና ዘሩ የሚለቀምበት ቦታ። ሦስተኛ፣ ግጦሽ ያጣው ቤተሰብ ምን እንደሚያገኝ። አራተኛ፣ ዛፉ ሲያድግ ባለቤቱ ማን እንደሆነና የሣሩ፣ የማሩና የፍሬው ተጠቃሚ ማን እንደሚሆን። አምስተኛ፣ ቆጠራው መቼ እንደሚካሄድ፤ በተከላው ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው በጋ በኋላ፣ ከዚያም በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት፣ ቆጣሪውም ከፋብሪካው ውጭ የሆነ ሰው።

አምስተኛው ብዙ ድርጅቶችን ያስፈራል፤ የሞተው ችግኝ ይታያልና። ሊያስፈራ ግን አይገባም። አሥር ሺህ ተክሎ ስንቱ እንደተረፈ የማያውቅ ፋብሪካ የሚቀጥለውን ዓመት በዚያው ስሕተት ይጀምራል። ሁለት ሺህ ተክሎ፣ በአምስተኛው ዓመት 1,400ው ቆሞ ያገኘ ግን የቱ ዛፍ በየትኛው ተዳፋት እንደሚጸና፣ የቱ ቀበሌ እንደጠበቀ፣ የቱ ግንብ እንደፈረሰና ለምን እንደፈረሰ ያውቃል። ይህ እውቀት በደቡብ ጎንደር ከገንዘብ ይበልጥ የጎደለን ነገር ነው። ፋብሪካ መቁጠር፣ መመዝገብና ጉድለትን ማረም የዕለት ሥራው ነው፤ ጥሬ ዕቃውን በሚከታተልበት ጥንቃቄ ዛፉን ከተከታተለ ደጋው ከማንም ያላገኘውን አጋር ያገኛል።